ስለ ጓሯችን ተክሎች፣ ለሁላችሁም

ሰላም ጓዶች! ሰሞኑን ፓፓያ ስለተከላችሁ አንድ ነገር ልበል። ጥሬው ሲቆረጥ የሚያንጠባጥበው ወተት መሳይ ፈሳሽ ውስጥ ፓፔይን የሚባል ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፣ በብዙ ሞቃታማ አገሮች ጠንካራ ሥጋን በቅጠሉ ጠቅልለው የሚያለሰልሱትም ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡሮች ግን ጥሬውን ባይበሉ ይሻላል።

እሬት ስትቆርጡ ቅጠሉን አቁማችሁ ቢጫውን መራራ ፈሳሽ አንጠፍጥፉት፣ ሆድ ክፉኛ ያስቀምጣል። ለቀላል ቃጠሎ የሚቀባው መሃል ያለው ጥርት ያለው ዝልግልግ ነው።

ጎደሬን ደግሞ ሥሩንም ቅጠሉንም በደንብ ሳታበስሉ እንዳትቀምሱ፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ በእኔ ደርሷል። ዝንጅብልና ጠጅ ሳር አያስቸግሩም፣ አሮጌ ባልዲ ውስጥም ይበቅላሉ።

እናንተ ጋ ምን በቀለ? ፎቶ ላኩ፣ ስሙን የማታውቁትን ቅጠል ግን ሳትጠይቁ አታፍሉ።