በሄልሜት ጭንቅላት የሚመታ ተጫዋች በዚያው ጨዋታ ከሜዳ ይውጣ

ለአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ በአሜሪካ የባለሙያዎች ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ጨዋታዎች በሄልሜት የሚፈጸሙ አደገኛ ምቶች የሚቀጡበትን መንገድ ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሜሪላንድ የምኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አባት ነኝ፤ ልጄ ለትምህርት ቤቱ ቡድን የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ለሊጉ ኮሚሽነር ለአቶ ሮጀር ጉዴል ከመጻፍ ይልቅ ወደ እናንተ መምጣትን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤንኤፍኤል የቡድኖቹን የቴሌቪዥን መብት በአንድነት እንዲሸጥ የፈቀደለትና በዚህ ረገድ ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ነጻ ያደረገው፣ ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ያጸደቀው ሕግ ነው። ደግሞም በኦክቶበር 2009 ይኸው ኮሚቴ አቶ ጉዴልን ጠርቶ ስለ ተጫዋቾች የጭንቅላት ጉዳት በጠየቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሊጉ የአንጎል መናወጥ ምልክት የታየበት ተጫዋች በዚያው ቀን ወደ ሜዳ እንዳይመለስ ደንግጓል። እናንተ ስትጠይቁ ሊጉ እንደሚሰማ ያኔ ስላየን፣ ዛሬም አንድ ነገር እንድትጠይቁልን እለምናለሁ።

ደንቡ የለም አልልም። ከ2018 ጀምሮ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በሄልሜቱ ሌላውን የሚመታ ማንኛውም ተጫዋች ቡድኑን 15 ያርድ (14 ሜትር ገደማ) የሜዳ ርቀት ያስቀጣል። ከሜዳ ማስወጣቱ ግን ለዳኞች ውሳኔ የተተወ በመሆኑ እምብዛም አይታይም፤ የተለመደው ቅጣት ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚወሰን የገንዘብ መቀጮ ነው። የተመታው ሰው በሐኪም ተደግፎ ሲወጣ፣ የመታው እስከ መጨረሻው ፊሽካ ይጫወታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በጃንዋሪ 20 ቀን 2019 በኒው ኦርሊንስ በግልጽ ታይቷል። ሴይንትስና ራምስ የተባሉት ቡድኖች ለሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ ለሱፐር ቦውል ለማለፍ ሲጋጠሙ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ውጤቱ 20 ለ20 ነበር። የሴይንትሱ ቶሚሊ ሉዊስ በቀኝ መስመር በኩል ወደ እሱ የምትመጣውን ኳስ አሻቅቦ እየተመለከተ ሳለ፣ የራምሱ ተከላካይ ኒኬል ሮቢ ኮልማን ኳሷ ከመድረሷ በፊት ደርሶ በሄልሜቱ ገጨው። ከዳኞቹ አንድም የጥፋት ምልክት የሆነውን ባንዲራ የወረወረ አልነበረም። ራምስ በጭማሪ ሰዓት 26 ለ23 አሸንፎ ወደ ሱፐር ቦውል አለፈ፣ ተከላካዩም 26,739 ዶላር ተቀጥቶ በሱፐር ቦውሉ ተሰለፈ። አገር ምድሩ የተቆጣው ግን ሳይነፋ በቀረው፣ ኳሷ ሳትደርስ ተቀባዩን የማደናቀፍ ጥፋት ነበር፤ ሊጉም ለ2019 የውድድር ዘመን ያሻሻለው ያንኑ ጥፋት በቪዲዮ የማየትን ደንብ ነው። ጭንቅላቱን ስለተመታው ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ገንዘብ ብቻውን እንደማይገታ ከዚያ በፊትም ታውቋል። በኦክቶበር 2010 የፒትስበርግ ስቲለርስ ቡድን ተከላካይ ጄምስ ሃሪሰን በአንድ ጨዋታ ሁለት የክሊቭላንድ ተጫዋቾችን በጭንቅላት ጉዳት ከሜዳ አስወጥቶ፣ በአንደኛው ምት 75,000 ዶላር ተቀጣ። ሰውየው ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የስድስት ዓመት ውል ነበረው። በቀጣዩ ዓመት የዚያኑ የክሊቭላንድ ቡድን ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ኮልት ማኮይን በሄልሜቱ መታና ለአንድ ጨዋታ ታገደ። በ2023ም የዴንቨሩ ካሪም ጃክሰን የግሪን ቤይ ተጫዋች በመምታቱ የተጣለበት የአራት ጨዋታ እገዳ በይግባኝ ወደ ሁለት ዝቅ ተደረገለት፤ ከእገዳው በተመለሰበት የመጀመሪያ ጨዋታ የሚኒሶታውን ጆሹዋ ዶብስን በሄልሜቱ መትቶ እንደገና አራት ጨዋታ ታገደ። የተቀነሰችው ቅጣት ዞራ በሌላ ሰው ጭንቅላት ላይ አረፈች።

ምቱ የሚጎዳው የተመታውን ብቻ አይደለም። በ1978 በኦክላንድ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ጃክ ቴተም የመታው የኒው ኢንግላንዱ ዳሪል ስቲንግሊ አንገቱ ተሰብሮ፣ በ2007 እስኪሞት ድረስ ኑሮው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ፤ በዚያ ምት የተቀጣ የለም። በዲሴምበር 2017 ግን አከርካሪው የተጎዳው መቺው ራሱ ነበር። የስቲለርሱ ራያን ሼዚየር ጭንቅላቱን አቀርቅሮ ተጋጣሚውን ሊጥል ሲገባ እዚያው ወደቀ፤ በብዙ ሕክምና መራመድ ቢችልም ዳግመኛ አልተጫወተም። ጥፋተኛውን ከሜዳ ማስወጣት እንግዲህ ለጥፋተኛውም ሕይወት መጠንቀቅ ነው።

ደንብ ጠባይን አይለውጥም ለሚሉ መልሱ በዚሁ ስፖርት ታሪክ ውስጥ አለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የኮሌጆች ፉትቦል በ1976 በጭንቅላት መምታትን ከለከሉ፤ በዚያ የውድድር ዘመን 34 የነበረው ከአንገት በታች ሽባ የሚሆኑ ተጫዋቾች ቁጥር በ1984 ወደ 5 ወርዷል። ኮሌጆቹ በዚህ አላበቁም፤ ከ2013 ጀምሮ ጭንቅላት ላይ ያነጣጠረ ምት የፈጸመ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፣ ውሳኔውም በቪዲዮ ይመረመራል፣ ደንቡ ሲወጣም ጥፋቱ የተፈጸመው በሁለተኛው አጋማሽ ከሆነ የቀጣዩ ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽም ያመልጠው ነበር። የሃያ ዓመት ተማሪ የሚጠየቅበትን፣ ሚሊዮኖች የሚከፈለው ባለሙያ በቼክ የሚያልፍበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

ጨዋታው ፈጣን ነው፣ ኳስ የያዘው ሰው በመጨረሻው ቅጽበት ዝቅ ሲል ተከላካዩ ሳይፈልግ ጭንቅላቱን ይነካዋል የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ ሐቀኛ ተጫዋች ባላሰበው ነገር እንዲባረር አልፈልግም። ይሁን እንጂ ሊጉ እያንዳንዱን ጨዋታ ኒው ዮርክ ካለው ማዕከል በቪዲዮ ይከታተላል። የኳስ ተቀባዩ የእግር ጣት መስመር መንካቱን ለማየት ጨዋታ የሚያስቆም ድርጅት፣ ጭንቅላት የተመታ ሰው መሬት ላይ ተዘርሮ እያለ ያንኑ ያህል ደቂቃ አያጣም።

የልጄ አሠልጣኝ ከልምምድ በኋላ ሄልሜቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ አናታቸውን ይመለከታል። ቀለሙ አናቱ ላይ የተፋቀበትን ልጅ ለብቻው ጠርቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ በትከሻው እንዲገባ ደጋግሞ ያሠራዋል። ልጆቹ ግን እሑድ በቴሌቪዥን የሚያዩት፣ እሱ ዓርብ የከለከላቸውን ያደረገ ሰው በጭብጨባ ሲታጀብ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ኮሚሽነሩን፣ ቅጣትና ይግባኝ በኅብረት ስምምነት የሚዳኝ በመሆኑም የተጫዋቾቹን ማኅበር አብሮ ጠርቶ በይፋ እንዲጠይቅ አመለክታለሁ። በቪዲዮ የተረጋገጠ አደገኛ የሄልሜት ምት የፈጸመ ተጫዋች እንደ ኮሌጆቹ ሁሉ ወዲያውኑ ከሜዳ የማይወጣው ለምንድን ነው? ጥፋቱን የደገመስ በይግባኝ የማይቀነስ የጨዋታ እገዳ ለምን አይጠብቀውም? ተጫዋቹ ሲቀጣ ያሰለፈው ቡድንስ ለምን አብሮ አይጠየቅም? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በጽሑፍ ሆኖ፣ ቀጣዩ የውድድር ዘመን ከመጀመሩ በፊት ለሕዝብ ይፋ እንዲደረግ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በሜሪላንድ ነዋሪ የሆነ የአንድ ተጫዋች አባት