ኤክሶሶም መድኃኒት ነው ወይስ መዋቢያ? ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በውበት ሳሎኖች በመርፌ ስለሚሰጥ ኤክሶሶም (ሕዋሳት ወደ ውጭ የሚለቋቸው እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች) ግልጽ ውሳኔ ስለመጠየቅ

እኔ በሰሜን ሸዋ የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪና የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ስሆን፣ ለዚህ ደብዳቤ ያነሣሣኝ በታናሽ እህቴ ላይ የደረሰው ነው። እህቴ ከሁለተኛ ልጇ ወዲህ የወጣባት ማድያት አልለቅ ቢላት፣ የደጋው ፀሐይም ቢያባብስባት፣ ወደ አንድ የውበት ሳሎን ሄዳ «ኤክሶሶም ነው፣ ቆዳሽን ያድሰዋል» ተብላ ጥቃቅን መርፌዎች ባሉት መሣሪያ ፊቷን ተወጋች። በማግስቱ ፊቷ ቀልቶና አብጦ ዓይኗን መግለጥ ተሳናት።

ብልቃጡን ከሳሎኑ አስመጥቼ አየሁት። አውራ ጣት የምታክል ናት፤ ከምን ሕዋስ እንደተሠራ፣ በስንት ዲግሪ መቀመጥ እንዳለበት፣ የምርት መለያ ቁጥሩም ሆነ ማብቂያ ጊዜው አልተጻፈባትም። የተቀመጠችውም ከጸጉር ቅባቶች ጋር ተደርድራ ነበር አሉ። አንድ ኤክሶሶም ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ቢሆን ነው፤ እኛ በየቀኑ የወባ ተሐዋስያን የምናይበት ማይክሮስኮፕ ይህን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ በብልቃጡ ውስጥ ኤክሶሶም ይኑር ተራ ውኃ ይሁን ሻጯም፣ እህቴም፣ እኔም የምናውቅበት መንገድ የለንም።

ነገሩ ከመሠረቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ ተመራማሪዎች ያልበሰሉ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሲከታተሉ፣ ሕዋሳቱ የማይፈልጉትን ፕሮቲን በጥቃቅን ከረጢቶች እያደረጉ ወደ ውጭ ሲጥሉ አገኙ፤ ከረጢቶቹም በ1987 ኤክሶሶም ተባሉ። (የመንዝ በግ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) በ2007 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች ከረጢቶቹ አርኤንኤ (የዘር መመሪያን የሚያደርስ ሞለኪውል) ይዘው ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው እንደሚያደርሱ አሳዩ፤ የቆሻሻ መጣያ የተባለው መልእክተኛ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ቁስልን ለማዳን፣ የቆዳ እርጅናንና የጸጉር መመለጥን ለማከም ተስፋ የተጣለበት በዚህ የተነሣ ነው፤ ማስረጃው ግን አሁንም በአብዛኛው ከእንስሳት ሙከራና ከትናንሽ ጥናቶች አልራቀም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀ አንድም የኤክሶሶም ምርት እንደሌለ ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከሰው ሕዋስ የተገኘ ነገር በመዋቢያ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒቱንም መዋቢያውንም በእናንተ ቁጥጥር ሥር አድርጓል። የጎደለው፣ በቆዳ ላይ ለመቀባት ተብሎ የመጣ ምርት በመርፌ ከቆዳ በታች ሲገባ ምን እንደሚባል የሚወስን ግልጽ ቃል ነው፤ በእኔ እምነት መርፌ ከነካው መድኃኒት ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ይህንኑ በመመሪያ እንዲወስን፣ ሳሎኖችን መቆጣጠር የእናንተ ሥራ ብቻ ባይሆንም ከዞንና ከከተማ ጤና ተቋማት ጋር ሆኖ ሽያጩን እንዲከታተል፣ ማስጠንቀቂያውንም በአማርኛ፣ በተለይ በአካባቢ ሬዲዮ፣ እንዲያሰማ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሚደረግ ምርምር ግን በሩ እንዳይዘጋ አደራ እላለሁ።

የእህቴ እብጠት በሳምንቱ ጎደለ፤ ማድያቱ ግን ከበፊቱ ይልቅ ጠቁሯል። ብልቃጡ በእጄ ይገኛል፤ ለምርመራ ከፈለጋችሁት አስረክባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ
ደብረ ብርሃን