ልጅሽ ወደ መካከለኛ ደረጃ ሲሻገር

ውድ እህቴና ወዳጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ያን ያህል ተጠፋፍተን ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስታዬን የምገልጽበት ቃል አጣሁ። አዝለሽው የማውቀው ልጅ መካከለኛ ደረጃ ሊገባ ነው፣ ያውም በክርስቲያን ትምህርት ቤት! በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ሳስተምር መኖሬን አስታውሰሽ የማስበውን በግልጽ እንድነግርሽ ስለ ጠየቅሽኝ፣ እንደ ጥንታችን ሳልሸፋፍን እጽፍልሻለሁ።

ምርጫሽ አስደስቶኛል። ቀኑ በጸሎት የሚጀመርበት፣ መምህራኑም እምነታቸውን ሳይደብቁ የሚያስተምሩበት ስፍራ ለልጅ በረከት ነው። ሆኖም የቤታችሁን ድርሻ ሊወስድላችሁ አይችልም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ቃሉን ለልጆች የማስተማር አደራ የተሰጠው ለወላጆች ነው፤ ጊዜውም በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ነው። ትምህርት ቤቱ ያስተምረዋል በሚል ሐሳብ የማታ ጸሎታቸውን ቀስ በቀስ የተዉ ቤተሰቦችን አውቃለሁና እናንተ እንዳትተዉት እለምንሻለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የነጥብ ነገር ነው። እዚያ መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ሒሳብና እንደ ሳይንስ የራሱ ክፍለ ጊዜ፣ የቤት ሥራና ፈተና ይኖረዋል። በቃሉ የያዘውን ጥቅስ ሳይሳሳት የሚናገር ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ የተደናቀፈውም ይቀነስበታል። ይህ ለትምህርቱ ሥርዓት ተገቢ ቢሆንም፣ የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ እግዚአብሔር በእርሱ ደስ መሰኘቱን በፈተና ውጤቱ መለካት ሊጀምር ይችላል። በቃል መያዝ የሚከብደው ልጅ እምነቱ ደካማ እንደሆነ ያስባል፤ የሚቀልለው ደግሞ ሁሉን የጨረሰ ይመስለዋል፣ እኔም ከመጀመሪያው ይልቅ ለሁለተኛው እሰጋለታለሁ። ስለዚህ ልጅሽ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስንት እንዳገኘ ከመጠየቅሽ በፊት ያጠናው ጥቅስ ስለ ምን እንደሚናገር፣ እርሱም ምን እንዳሰበበት ጠይቂው።

እርሱም መጠየቁ አይቀርም። በልጅነቱ በታሪክ መልክ የተቀበለውን ነገር በዚህ ዕድሜ ለምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ እግዚአብሔር መልካም ከሆነ ሰው ለምን ይሠቃያል፣ የጸለይኩት ለምን አልሆነም ይልሻል። እባክሽ አትደንግጪ፣ ዝምም አታሰኚው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው ተገኝቷል፤ ከዚያም ከወላጆቹ ጋር ወርዶ ይታዘዝላቸው እንደነበር ያው ምዕራፍ ይናገራል። መልሱን የማታውቂው ጥያቄ ሲመጣም አብራችሁ ፈልጉት፤ ከመምህራኑ ጋር ስትነጋገሪም እንዲህ ያለውን ጥያቄ በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚቀበሉት ጠይቂያቸው። ስለ ትምህርት ቤቱ ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ የሚነግርሽ ይህ መልሳቸው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪው። በክርስቲያን ትምህርት ቤትም ልጆች ልጆች ናቸው፤ መሳደብም፣ ማግለልም፣ ማሾፍም ይኖራል። ይህን ሳያውቅ የገባ ልጅ ክፋቱን ካልጠበቀበት ስፍራ ስለሚያገኘው ቁስሉ ይጠልቅበታል፣ አንዳንዴም ጸሎቱን ሁሉ ማስመሰል አድርጎ ይቆጥረዋል። የበደለውን ልጅ መክሰስ ሐሜት እንዳልሆነ፣ ይቅርታ ማድረግም በደልን መሸሸግ እንዳልሆነ ከአንቺ አፍ ይስማ።

የቀረው በጊዜው ይለመዳል። አንድ መምህር ውሎውን ሁሉ የሚያውቅለት ዘመን አልፎ ለየትምህርቱ የተለያየ መምህር ስለሚኖረው፣ ደብተሩንና የቤት ሥራ ቀኑን ማደባለቁ አያስቆጣሽ። እንቅልፉን ግን ጠብቂለት፤ የእንቅልፍ ሐኪሞች እስከ 12 ዓመት ላሉ ተማሪዎች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚረዝም ይመክራሉ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ከማን ጋር እንደተዋደደና የትኛው ትምህርት እንደከበደው ጻፊልኝ፤ እርሱም ቢፈቅድ ከደብዳቤሽ ግርጌ ሁለት መስመር ይጨምርልኝ።

አክባሪ ወዳጅሽ