የድሆች የጤና መድን መዋጮ ትርፍ በጀት እስኪገኝ አይጠብቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ከፊታችን የተሰለፉ አንዲት እናት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። መድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ሲደርሱ «የደም ግፊቱ አልቋል፤ ከውጭ ይግዙ» ተባሉ። ደብተሩን መልሰው ቋጠሩት። ወደ ግል መድኃኒት ቤቱ ግን አልሄዱም፤ በቀጥታ ወደ ቤታቸው አመሩ።

ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ መክፈል የማይችለውን ሰው መዋጮ ክልሉና ወረዳው እንዲሸፍኑለት ታስቦ ነው። ኑሮ ሲከብድ ግን ስሌቱ ይናጋል። ትናንት ከፋይ የነበረው ቤተሰብ ዛሬ ድጎማ ጠባቂ ይሆናል፤ የወረዳው ገቢም በዚያው ወቅት ይሳሳል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የምናስገባው መድኃኒት ከዚህ እንዴት ያመልጣል? መድኑ ለአባላቱ ሕክምና የሚከፍለውን ሂሳብ ካዘገየስ ጤና ጣቢያው መደርደሪያውን በምን ገንዘብ ይሙላ?

የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት ሲያጸድቁ የድሆችን መዋጮ ከስብሰባና ከመኪና ግዢ ያስቀድሙ፤ ሙሉውንም በሐምሌ ገቢ ያድርጉ። መዋጮው የሚጠራቀምበትን የመድኑን ቋት ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል ማሳደጉም ይፋጠን። ዝናብ የቀረበት ወረዳ ሕሙማኑን ብቻውን መሸከም አይችልምና።

አንድ የመድኑ አባል