አሸንዳ የሚጠረገው እንደየአካባቢው ዝናብና መሬት ነው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ጎርፍ፣ ስለ ድልድይና ስለ ወንዝ ዳር ነዋሪዎች በስፋት ትዘግባላችሁ፤ ይህም ተገቢ ነው። ብዙ ቤት ግን አንዳችም ወንዝ ሳይሞላ፣ ከራሱ ጣሪያ በሚወርደው ውሃ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ለዚህ የሚሰጠው ምክር ደግሞ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት አሸንዳ ይጠረግ ይባላል። በቤት ጥገና ሥራ ላይ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ይህ ምክር ለአንዳንዱ አካባቢ የዘገየ፣ ለአንዳንዱ ያነሰ፣ ለአንዳንዱም ዋናውን ጉዳይ የሳተ መሆኑን ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት እወዳለሁ።

አዲስ አበባን ብቻ ብንወስድ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ሲወረድ ልዩነቱ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይጠጋል። በሽሮ ሜዳ፣ በጉለሌና በፈረንሳይ ለጋሲዮን የአሸንዳ ዋና ችግር ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ቅጠሉን በአንድ ወቅት አራግፎ የሚጨርስ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ያራግፋል፣ በበጋው ንፋስም ይብስበታል። ቅጠሉ ጠንካራና ቅባትነት ያለው በመሆኑ ቶሎ አይበሰብስም፤ ረዘም ያለ ስለሆነም በመውረጃው ቱቦ አፍ ላይ ተጋድሞ የረገፈውን ቅርፊትና አቧራውን ይይዛል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው የበልግ ጊዜ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ሲመጣ፣ በረዶው በቅጠሉ ላይ ይከመርና ውሃው መሄጃ አጥቶ በቆርቆሮው ሥር ወደ ኮርኒስ ይገባል። ስለዚህ ለእንጦጦ ግርጌ ነዋሪ የመጀመሪያው ጠረጋ በጥር መጨረሻ መሆን አለበት፤ የግንቦቱ ሁለተኛው ነው፤ በነሐሴም ዝናቡ ጋብ ያለበትን ቀን ጠብቆ አንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ሰፈሩ ተዳፋት ስለሆነ ከላይኛው ቤት አሸንዳ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ የሚያርፈው በታችኛው ጎረቤት የጭቃ ግድግዳ ላይ መሆኑም ሊታሰብበት ይገባል።

ወደ ቃሊቲና አቃቂ ሲወረድ የዛፉ ጉዳይ ይቀልና የመሬቱ ይከብዳል። የዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነውና፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ በዚያ ወር ከ20,000 ሊትር በላይ ያወርዳል። አሸንዳው በአንድ ጥግ ተቀዶ ወይም ተዘቅዝቆ ከሆነ፣ የዚህ ውሃ ብዙው እጅ በዚያ ጥግ ባለው መሠረት ሥር ይሰርጋል፤ መሠረቱም በክረምት በዚያ በኩል ብቻ ይነሣል፣ በበጋ ይሰምጣል። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ አንዱ መነሻ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቶቹ በየዓመቱ ስንጥቁን በሲሚንቶ ሲደፍኑ አሸንዳውን ቀና ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። እንዲህ ባለው መሬት ላይ የሚሠራ ሰው ከመጥረግ አልፎ፣ የመውረጃው ቱቦ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ወደ ቦይ ማድረሱን ማረጋገጥ አለበት። የጣሪያውን ውሃ ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ግን ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም፤ ዝናቡ ሲበረታ ፍሳሹ ገንፍሎ መንገድ ላይ ይወጣል።

ድሬዳዋ ከዚህ ሁሉ የተለየች ናት። የዓመት ዝናቧ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል ስለሆነ ብዙ ሰው አሸንዳን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥረዋል። በደረቆቹ ወራት አሸንዳው ውስጥ አሸዋና አቧራ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ለአጭር ጊዜ የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ ይመጣና ውሃው በአሸዋው ተገድቦ በሙቀቱ መካከል ተኝቶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በከተማዋ ተከስተው ነበር፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ በቤት አካባቢ በታቆረ ጥቂት ውሃ ውስጥ ትራባለች፤ እንቁላሏም ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተደፈነ አሸንዳ ደግሞ ከዓይን ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በርሜልና አሮጌ ጎማ ሲጸዳ እርሱ ይዘለላል። ስለዚህ በድሬዳዋ ዋናው ምርመራ መደረግ ያለበት ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ መውረዱን ለማየት ነው። ፕላስቲክ አሸንዳም በዚያ ፀሐይ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ በየጊዜው መታየት አለበት።

ስለ ጅማና ስለ ኢሉባቦር በአጭሩ ልናገር። እዚያ ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ስለማይለቅ፣ ጥላ በበዛበት ግቢ የቆርቆሮ አሸንዳ እምብዛም አይደርቅም፤ እርጥብ ቅጠል የተኛበት ቦታም ቶሎ ይዝጋል። በዚያ አካባቢ በየወሩ መጥረግ የሚበዛ አይደለም።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች ያለው ችግር ግን ከአየር ጠባይም በላይ ነው። ጣሪያው የሁሉም በመሆኑ ማንም አይወጣበትም፤ የሚጮኸውም ውሃ የገባበት የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ብቻ ነው። የነዋሪዎች ማኅበራት ከሚሰበስቡት ወርሃዊ መዋጮ ላይ ለአሸንዳ ጠረጋ የሚሆን ገንዘብ ለይተው ቢያስቀምጡና ሥራውን የደኅንነት ቀበቶ ላለው ባለሙያ ቢሰጡ መልካም ነው።

ለዝግጅት ክፍላችሁ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋ፣ የበልግና የክረምት ትንበያ ሲያወጣ ዜናውን ታትማላችሁ። ከዚሁ ዜና ጎን፣ በየአካባቢው የሚኖር ሰው ጣሪያውንና አሸንዳውን መቼና እንዴት ማዘጋጀት እንዳለበት የሚገልጽ አጭር ምክር፣ የየከተማውን ባለሙያዎች ጠይቃችሁ ብታትሙ፣ የመጀመሪያውም ከበልግ በፊት በጥር ወር ቢወጣ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ