ጠብታ ከመጻፋችሁ በፊት ብሌኑን እዩልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ክረምት እናቴ ቡና ስትቀዳ ሲኒውን ሳተችው። ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። “ሲኒው ሁለት ሆነብኝ” አለች። ከቀኝ ቅንድቧ በስተጀርባ የሚወጋ ሕመም እንቅልፍ ከነሳት ሁለት ሌሊት ሆኗት ነበር። በማግስቱ የዓይኗ ቆብ ጭራሽ ወርዶ ተዘጋ።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ “ምች ነው” አለ። ዳማከሴ ታሸ። የሄድንበት ክሊኒክም የዓይን ጠብታ ሰጥቶ ሸኘን። ጠብታው ምን ያድርግ? የታመመው ዓይኗ ሳይሆን ዓይኗን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ያያት ሐኪም የወረደውን ቆብ በአውራ ጣቱ ቀና አድርጎ ባትሪ አበራ። ዓይኗ ወደ ውጭና ወደ ታች ዞሯል። ብሌኗ ግን ብርሃኑ ሲያርፍበት ጥብብ አለ። ከዚያ ጣቷን ወግቶ ስኳር ለካ፤ 340። ስኳር እንዳለባት ያወቅነው ያን ቀን ነው። ብሌኗ ሰፍቶ ለብርሃን እምቢ ቢል ኖሮ፣ አንጎል ሥር ያለ የደም ሥር አብጦ ነርቩን ተጭኖት ሊሆን ይችል ነበር። ያ እብጠት ከፈነዳ ይገድላል። ለጥንቃቄ የአንጎሏ የደም ሥሮች በምስል ታዩ፤ እብጠት የለም። ስኳሩ ነው ነርቩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች የጎዳው። ስኳሯን አስተካከልን። በሦስት ወር ውስጥ ቆቧ ተነሳ፣ ሲኒውም አንድ ሆነ።

አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ “ፕሬድኒሶሎን ግዙላት፤ እኔን በሁለት ቀን ነው ያሻለኝ” ብላን ነበር። የእሷ ሕመም ቶሎሳ ሃንት የሚባለው፣ ነርቮቹ ከዓይን ጀርባ የሚያልፉበትን ቦታ የሚያስቆጣው ነው። እውነቷን ነው፤ መድኃኒቱ ሕመሙን ብዙ ጊዜ በ72 ሰዓት ውስጥ ያበርደዋል። ግን በኤምአርአይ ታይቶ፣ ቲቢ፣ ፈንገስና ዕጢ አለመሆኑ ተጣርቶ ነው የሚሰጠው። አንዳንድ ዕጢም በእሱ ለጊዜው ይለዝብና ሰው ያታልላል። ስኳርን ደግሞ ያንራል። እናቴ በ340 ላይ ብትውጠው ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ! ዓይኑን አሞት ቆቡ የወረደ ወይም ሁለት ሁለት የሚያይ ሰው ሲመጣ ጠብታ አትጻፉለት። የስልካችሁ መብራት ይበቃል፣ ብሌኑን እዩ። ስኳሩን ለኩ። ብሌኑ ከሰፋ ለነገ አታሳድሩት፣ ያኑ ሰዓት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኩት። አዘጋጁም ይህን በኦሮምኛና በሶማሊኛ ጭምር ብታወጡልን፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ውለው የሚገቡ እናቶችም ይሰሙታል።

አንባቢያችሁ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ