ለወንድም ጋሼ፦ የእሑድ ማታው የፖሊስ ድራማ አርጅቷል ወይ?

ኮሎኝ፣ ጀርመን
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣
ደብረ ማርቆስ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እትዬ፣ ልጆቹ፣ እናታችንስ እንደምን አሉ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ ነገራችን ሁሉ በግማሽ ስለሚቀር፣ ወደ አዲስ አበባ የምትመለስ አንዲት እኅት አግኝቼ ይህን ደብዳቤ በእጇ ልኬያለሁ፤ ከእርሷ ተቀብሎ ማርቆስ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም።

ባለፈው መስመሩ ሊቋረጥ ሲል አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። እሑድ እሑድ ማታ ስለማየው የፖሊስ ድራማ ሳጫውትዎ፣ «ሃምሳ ዓመት ያለፈው ድራማ እንዴት አልሰለቻቸውም? ወይስ እንደኛዎቹ ተከታታዮች ማለቂያው ደርሶ እያለ ዝም ብለው እየጎተቱት ነው?» አሉኝ። ዕድሜዎን በምርመራ ክፍል የጨረሱ ሰው የጠየቁት ጥያቄ ስለሆነ በጨዋታ ላልፈው አልወደድሁም።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ታትኦርት የሚባለው ይህ ድራማ እንደ ምርመራ ታሪክ ከተመዘነ፣ በእኔ ፍርድ ደጉ ዘመኑ አልፏል። ሆኖም እዚህ አገር ሰው «አርጅቷል» ሲል የሚያቀርባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ አይዋጡልኝም። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለምጽፍ እንዳይምታታብዎ።

ድራማው የተጀመረው ኖቬምበር 29 ቀን 1970 ሲሆን፣ እሑድ ምሽት የሁለት ሰዓቱ ዜና እንዳለቀ፣ 2፡15 ላይ ይቀርባል። በአንድ ምሽት አንድ ወንጀል ይፈጸማል፣ ይመረመራል፣ በ90 ደቂቃ ውስጥም ያልቃል። ስለዚህ የኛዎቹ እንደሚያደርጉት አንድን ሠርግ ወይም አንድን የውርስ ክርክር ዓመት ሙሉ የሚጎትት አይደለም። ጣቢያው ኤአርዴ የየክፍለ ሀገሩ ጣቢያዎች ማኅበር በመሆኑ እያንዳንዱ የራሱን ከተማና የራሱን መርማሪዎች ይዞ ይመጣል፤ በዚህ ሳምንት ሙኒክ ከሆነ በሚቀጥለው ኮሎኝ፣ ከዚያ ድሬስደን ይሆናል። የኦስትሪያ ጣቢያም ከ1971 ጀምሮ ገብቶበታል፤ ስዊዘርላንድም ድርሻ አላት። አንድ ሺኛው ክፍል በ2016 ታይቷል። እንዲህ ያለውን ነገር በጅምላ «አረጀ» ማለት ይከብዳል፤ አንዱ ከተማ ሲደክም ሌላው አዲስ መርማሪ ይዞ ይነሣልና።

ጥሩ ጥሩዎቹን ክፍሎች ሳይ አያታችን ስለ አውጫጭኝ የሚነግሩን ትዝ ይለኛል። የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንደማይበተን ሁሉ፣ በእነዚህ ክፍሎችም ከሟቹ ይልቅ የሚመረመረው ሰፈሩ ነው፤ ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት፣ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ምን አይቶ ዝም እንዳለ አንድ በአንድ ይወጣል። የኮሎኙ ድራማ የኮሎኝ፣ የሐምቡርጉ የሐምቡርግ ጠባይ ካልኖረው ምኑም አይጥምም።

እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እሑድ ማታ ሳሎኑ ይሞላል። ዘጠና ዓመት የተጠጉ አንዲት እናት አሉ፤ ምሳ ምን እንደ በሉ ማታ የማያስታውሱ ሲሆኑ፣ የክላውስ ዶልዲንገር የመግቢያ ሙዚቃ ሲጀምር ግን የተሽከርካሪ ወንበራቸውን ክንድ በጣታቸው እየመቱ ምቱን አንድም ሳይስቱ ይከተሉታል። መግቢያው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያው ነው ማለት ይቻላል፦ ሁለት ዓይኖች፣ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚመስል ክብ መስቀል፣ በአስፋልት ላይ የሚሮጡ እግሮች። ዓይኖቹም እግሮቹም የአንድ ሰው፣ የተዋናዩ የሆርስት ሌተንማየር ናቸው፤ ለዚያ ሥራ አንድ ጊዜ 400 ማርክ ተከፍሎት አበቃ። (ውል ከመፈረም በፊት አንብቡ እያሉ ሲመክሩን የነበረው ለካ ለዚህ ነው።)

እኚህ እናት ከሺማንስኪ በኋላ ድራማው ሞቷል ባይ ናቸው። ሺማንስኪ ማለት ጎትስ ጌኦርግ ከ1981 እስከ 1991 የተጫወተው የዱይስቡርግ መርማሪ ነው፤ ያደፈ ጃኬት ለብሶ የሚሳደብ፣ በር በእግሩ የሚሰብር፣ ተጠርጣሪን በቡጢ የሚያናግር ሰው ነበር። በፋብሪካው ከተማ ወዛደሩ እንደ ራሱ ወንድም ስላየው ወደደው፤ እኔም እንደ ተዋናይ አደንቀዋለሁ። ነገር ግን እርስዎ አለቃው ቢሆኑ ኖሮ ሳምንት ሳይሞላ ከሥራ ያግዱት ነበር። ስለዚህ «ደጉ ዘመን» የሚሉት ዘመን ደግነቱ በምርመራ ጥበብ አልነበረም።

ሁለተኛው ክስ የተመልካች ቁጥር ነው። በ1978 የታየ አንድ ክፍል ከ26 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳየው ይነገራል፤ የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ከዚያ ሲሶውን ቢያገኙ ነው። እንዲህ ያለው ንጽጽር ግን ፍትሕ የለበትም። ያን ጊዜ በምዕራብ ጀርመን የሚታዩት ጣቢያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የግል ጣቢያዎች የመጡት ከ1984 ወዲህ ነው። ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ማየቱ የድራማውን ጥሩነት አያስመሰክርም። በዚህ ሁሉ ምርጫ መካከል የሙንስተር ከተማው ክፍል በ2017 ከ14 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ማግኘቱ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። (ይህን የሙንስተሩን ግን ለእርስዎ አልመርጥልዎትም። የአስከሬን መርማሪው ሐኪም እየተንጠባረረ ምርመራ ክፍል ይገባል፣ ተጠርጣሪ ይጠይቃል፣ ከፖሊሱ ጋር እየተነቋቈረ ሰውን ያስቃል፤ ሟቹን የሚያስታውሰው የለም።)

ሦስተኛው ክስ ድራማው ቅጥ አጥቷል የሚል ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ኡልሪኽ ቱኩር የሚጫወተው መርማሪ ሙሮት ነው፤ በ2014 በአንድ ክፍል ብቻ ከ40 በላይ ሰው ሲሞት አይተናል። ብዙ ተመልካች ስለተቈጣ በኋላ ጣቢያው እንዲህ ያሉ የሙከራ ክፍሎች በዓመት ከሁለት እንዳይበልጡ ወስኗል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ማንም ያልጠበቀውን ለመሥራት የሚደፍር ነገር ቢሳሳት እንኳ አላረጀም።

እውነተኛው ድካም ያለው ጥያቄው ላይ ነው፤ መርማሪው መጠየቅ ትቷል። እርስዎ በበሬ ሌብነት የተያዘውን ሰው እንዴት እንደጠየቁት ልጅ ሆኜ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለ በሬው አንድም ቃል ሳያነሡ፣ ከአማኑኤል ገበያ በየት በኩል እንደተመለሰ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ፣ ጠላ የጠጣው ማን ቤት እንደሆነ ጠየቁት፤ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ከኋላ ወደ ፊት ሲጠይቁት፣ ቀድሞ ባለፈበት መንገድ ላይ ድልድዩ ጠፋበት። በቀድሞዎቹ የታትኦርት ክፍሎች፣ በተለይ ሙኒክ ላይ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነበር። ሁለት መርማሪዎች ገብተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ወረቀት ያገላብጣል፣ ሌላው ዝም ይላል፤ ዝምታው የከበደው ተጠርጣሪ ያልተጠየቀውን ይናገራል። ተመልካቹም አብሮ ያሰላ ነበር።

የዛሬውን ሲያዩት አስከሬኑ ገና ሳይነሣ የስልክ መስመር ማን የት እንደነበር ተናግሯል፤ ካሜራው የመኪናውን ታርጋ ይዟል፤ ላቦራቶሪው የዘረ መል ውጤት ልኳል። እውነተኛው ፖሊስም በዚህ መንገድ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ በዚህ አገር ከነፍስ ግድያ ወንጀሎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፈጻሚያቸው ይታወቃል። ነገር ግን ድራማው በመሣሪያ ያተረፈውን ጊዜ የሚያውለው ለሌላ ጉዳይ ነው። መርማሪዋ ከባሏ ትፋታለች፤ ባልደረባዋ መጠጥ ይዞታል፤ ልጃቸው ከቤት ጠፍታለች፤ እንዲያውም ሟቹ ከአንዳቸው ጋር የጥንት ነገር ሳይኖረው አይቀርም። ምርመራ ላይ ያለ ሰው በራሱ ጉዳይ መዝገብ መያዝ እንደሌለበት እርስዎ ዘንድ ጀማሪ ኮንስታብል ያውቃል፤ እዚህ ግን ሦስት መርማሪ በየተራ ይይዛል።

በዚያ ላይ ደራሲዎቹ ለየሳምንቱ አንድ የማኅበረሰብ ችግር ማስተማር ግዴታቸው ይመስላቸዋል። ስደተኛን የሚመለከት ክፍል ሲቀርብ ሳሎኑ ውስጥ ያሉት አረጋውያን ሁሉ ዘወር ብለው እኔን ያያሉ፤ እኔም ከደቂቃዎች በኋላ ሐበሻ የሚመስለው ልጅ ገዳይ እንዳልሆነ አውቄ ሻይ ላፈላ እነሣለሁ። ደራሲው ስደተኛውን ገዳይ ለማድረግ ስለሚፈራ ምስጢሩ ገና ከመጀመሪያው ይፈታል። ቸርነቱን እያመሰገንሁ፣ ለድራማው ግን አይበጅም እላለሁ።

የመርማሪዎቹ ማርጀት ግን ጥፋት አይደለም። የሙኒኮቹ ባቲችና ላይትማየር፣ ማለትም ሚሮስላቭ ኔመትስና ኡዶ ቫኽትፋይትል፣ ከ1991 ጀምሮ አብረው ሠርተዋል፤ ጸጉራቸው በእኛ ዓይን ፊት ነጣ። በ2026 መቶኛውን ጉዳያቸውን ይዘው እንደሚሰናበቱ አስታውቀዋል። የኛው የኮሎኝ ሁለቱ ከ1997 ጀምሮ አሉ፤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ካቴድራሉን ከማዶ እያዩ ቋሊማ ይበላሉ። እነዚህ ሽማግሌዎች ዛሬም ቁጭ ብለው ሰውን ማናገር ያውቃሉ፤ ደራሲው ጊዜ ሲሰጣቸው አሁንም የሚያዩት ነገር አያጡም። የሚያሳዝነኝ እነርሱ ሲሄዱ የሚተኳቸው ወጣቶች ያንን ትዕግሥት የሚማሩበት ጽሑፍ አለማግኘታቸው ነው።

እንግዲህ በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም የቴሌቪዥን መዋጮ እየከፈልሁ ነውና የመተቸት መብቴን ተጠቅሜያለሁ። ሰዎቹ ማየታቸውን አይተዉም፤ እኔም አልተውም፤ እሑድ ማታ ቡድን ሆነው ገዳዩን የሚገምቱበት ነገር ሌላ የላቸውም፤ መጥፎው ክፍልም ቢሆን ሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ ያጨቃጭቃል።

ይህን ደብዳቤ ከምታመጣው እኅት ጋር አንዲት ፍላሽ ልኬያለሁ። ውስጧ አንድ የሙኒክ አሮጌ ክፍልና አንድ ያለፈው ዓመት አለ፤ ትርጉሙን በየደቂቃው በወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ፤ ትልቁ ልጅዎ ያንብብልዎት። አሮጌውን አስቀድመው ይዩት። ገዳዩን ከስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳወቁት፣ ጥያቄው የት ላይ እንደተበላሸ በተመቸዎ ጊዜ ይጻፉልኝ፤ እኚያ እናት መልሱን ይጠብቃሉ፣ ማርቆስ ያለ መርማሪ ወንድም እንዳለኝ ነግሬያቸዋለሁ።

ለእናታችን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

አክባሪ እኅትዎ